የኢዮስያስ እርም

ሶሊያና በየማለዳው ወደ ሥራ በምትሄድበት ባጃጅ ውስጥ የሚናገረው ባሏ ነው።

«ሳቢያን ወራጅ አለ?» ይላል። «አቦ፣ ቦርሳችሁን እንዳትረሱ።» ከዚያ የቀኑን ሙቀት ይናገራል፤ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ፣ ውሃ የት እንደሚታደል። ድምፁ ያው የድሮው ነው፤ ሻከር ያለ፣ የቃላቱ መጨረሻ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር የተንጠለጠለበት። ሾፌሩ ዝም ብሎ ይነዳል። የድሬዳዋ ሾፌሮች መጣራት ከተዉ ቆይተዋል።

የሚያውቋት ተሳፋሪዎች ሰላም ይሏታል። «እንኳን ቀጠለላችሁ» ይላሉ። «አሜን» ትላለች። ለዚህ ሰላምታ ሌላ መልስ የለም።

በዚያ ማለዳ ከፊቷ ሁለት ልጃገረዶች ተቀምጠዋል።

«አዲሱን የኢዮስያስ ዘፈን ሰማሽው?» አለች አንዷ። «ከቀጠለ ወዲህ እኮ ተሻሽሏል። ድሮ መሃል ላይ ያቋርጥ ነበር፤ አሁን ከላይ እስከ ታች ባንዴ ነው የሚለቀው።»

«ድሮማ ትንፋሽ ያጥረው ነበር አሉ።»

«ምስኪን።»

«ምን ምስኪን ትያለሽ፣ ይኸው ተገላገለ!»

ተሳሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም። ሶሊያና ከመውረጃዋ በፊት ባለው ፌርማታ ወርዳ የቀረውን መንገድ በፀሐይ ተጓዘችው።

ባሏ ኢዮስያስ ያደገው ደቻቱ ዳር ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው፤ ሲመጣ ግን ባንዴ ነው የሚመጣው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም ነበረበት። ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ግንብ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ በአቧራ ቀን ደግሞ ከነጭራሹ ከቤት አይወጣም። ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ መሳደብን ተማረ። ስድቡ ቤት ይመታ ነበር። ተሰዳቢዎቹ ራሳቸው «ድገመው» ይሉት ነበር።

እናቱ እማማ ሜሮን አልቃሽ ነበሩ። ያኔ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከል ነበር፤ እሳቸው ከመሃል ቆመው ስለ ሟቹ ስንኝ ያወጣሉ፤ ያላለቀሰውን ያስለቅሳሉ። ሙያውን ከአክስታቸው ነው የወረሱት። ኢዮስያስ በየለቅሶው የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ይቀመጥ ነበር። እናቱ ግማሹን ስንኝ ብለው ሳግ ሲይዛቸው ድንኳኑ በሙሉ ፀጥ ሲል፣ ከዚያ ቀሪው ግማሽ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሲፈርስ ያያል። ስንኝ የት ላይ እንደሚሰበር የተማረው እዚያ ነው።

አንድ ቀን ግን ቤት ውስጥ፣ ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ሆኖ፣ እናቱን ለማሳቅ ነጠላቸውን ደርቦ ለራሱ ሙሾ አወጣ። እናቱ አፉን መቱት። በሕይወቱ የመቱት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «በቁምህ አይለቀስልህም!» አሉት። ከዚያ ወዲህ ኢዮስያስ ስለ ማንኛውም ነገር ይዘፍናል፤ ስለ ሞት ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። ሚኪ የሚባል አብሮ አደጉ፣ ድምፁ እንዲቀጥል ዕድሜው ሳይፈቅድለት የሞተ ጊዜ፣ ድንኳኑ ውስጥ ጓደኞቹ ሁሉ «አንድ በልለት እንጂ» ቢሉት አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ነው የዋለው። ሶሊያና ይህን ሁሉ የሰማችው ከራሱ ነው፤ ተጋብተው ጥቂት እንደቆዩ፣ ለምን አፉን እየያዘ እንደሚተኛ የጠየቀችው ጊዜ።

የተዋወቁት በውሃ ቢሮው ነው። ሶሊያና ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ታጠናለች። እሱ ሠፈሩ ውሃ ስለጠፋ ሊጣላ መጣ። ተጣልቶ ሲጨርስ ግን ቁጭ ብሎ «እስቲ ልጠይቅሽ፤ ደቻቱ ሲደርቅ ከሥሩ ምን አለ?» አላት።

«ውሃ አለ። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።»

ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። የታመመ መስሏት ልትነሳ ስትል ጣቱን ቀስሮ አስቆማትና ትንፋሹን ሳበ። «አገባሻለሁ» አላት። «አሁን አልቸኩልም። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።»

ዝናው የመጣው በዚያች ዝምታ ነው። መድረክ ላይ ግማሹን ስንኝ ብሎ ትንፋሽ ሲያጥረው ጣቱን ያነሳል፤ ሕዝቡ ፀጥ ይላል፤ ትንፋሹን ሲመልስ ቀሪውን ይለቀዋል። ሕዝቡ ይህችን «ፋታ» አላት። ቆይቶም ልማድ ሆነች፤ እሱ ጣቱን ሲያነሳ አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮት ትንፋሹን ይይዛል፤ እሱ ሲስብ ይስባል። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ጉድ ይላል። እያንዳንዷ ፋታ ምን ያህል እንደምታስከፍለው የምታውቀው ሶሊያና ነበረች። ቤት ሲገባ ጀርባውን የምታሸው እሷ ናት።

የመጨረሻው ዝግጅት ከዚራ ሠፈር፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል ነበር። ቀኑን አቧራ ሲነፍስ ውሏል። እንደ ማንኛውም ዘፋኝ፣ የሰዎችን ድምፅ ከሞት በኋላ ከሚያስቀጥለው ከድምፅ ቤቱ መሣሪያ ጋር ተያይዟል፤ መሣሪያው የደከመ ድምፅ ይደግፋል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግማሹን ስንኝ አለና ጣቱን አነሳ። ሕዝቡ ትንፋሹን ያዘ። ፋታዋ ረዘመች። ሰው እየተያየ በዓይኑ ይሳሳቅ ጀመር፤ እስከዚያ ቀን እንዲህ ይዞ አያውቅም። ኢዮስያስ በጉልበቱ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ቀሪው ስንኝ ከማጉያው ወጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይቆራረጥ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ዘለለ። መንበርከኩን የትርኢቱ ክፍል አደረጉት። ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም ወደ መድረኩ አልወጣም። ሶሊያና ከሚዘልለው ሰው መሃል ነበረች፤ በክርኗ እየገፋች ስትደርስ ዘፈኑ አልቆ ነበር።

በማግስቱ ዜናው «ደቻቱ ዳር ያደገው ራፐር ቀጠለ» ብሎ አወራ። ሞተ ማለት ነውር ከሆነ ሰንብቷል።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናቲ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ልጄ፣ ድንኳን ማውጣት አልቻልንም» አሏት። «ለቀጠለ ሰው ድንኳን አይተከልም፤ ደንቡ ነው። እንዲያውም ድንኳኑን ካየሁት ስንት ዘመኔ።» የመጣው እንግዳ ሁሉ ቤታቸው ለግማሽ ቀን ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ የኢዮስያስ ድምፅ ማውጫ፣ ከፊቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተደርጎለታል፤ ወጉ ነው። እያንዳንዱ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለዋል፤ እሱም በየስማቸው ይመልስላቸዋል። «አቦ ጋሽ ናቲ፣ ከሳህ እኮ!» ሲላቸው ሽማግሌው ሳቁ። ሁሉም ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ሶሊያና ያን ሁሉ ጊዜ ሳህን አነሳች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላለቀሰችም። ጥንካሬ አልነበረም፤ የምታለቅስበት ቦታ አጣች። ጥቁር ብትለብስ ቢሮ ያሉት «ምን ሆነሽ ነው?» ይሏታል። ከሚናገር ባል ጋር የምትኖር ሴት ጥቁር አትለብስም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ከድምፅ ቤቱ መልእክት መጣላት። ዓመት የሞላው ድምፅ ቋሚ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም። ከዚያ በፊት ዝም አሰኝቶ ማሳረፍ የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ሚስት፣ እናትና የቀጠለው ራሱ ይጠየቃሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ ያርፋል።

ሶሊያና እሑድ ገንደቆሬ እማማ ሜሮን ቤት ሄደች። አማቷ ምሳ እየበሉ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለው ድምፅ «እማዬ፣ በልተሻል?» ይላል።

«እየበላሁ ነው ልጄ።»

«ጥሩ አድርገሽ ብይ። ሶሊ መጥታለች አይደል? እግሯን ሰማሁ። ሶሊ፣ ፀሐይ ላይ አትሂጂ ብዬሽ አልነበር?»

ሶሊያና በሩ ላይ ቆመች። እማማ ሜሮን አይተዋት ተነሱና ድምፅ ማውጫውን፣ እንደተኛ ሕፃን፣ በነጠላቸው ሸፈኑት። ሁለቱ ወደ በረንዳው ወጡ።

«እማማ፣ ላሳርፈው ፈልጌ ነው።»

«ምኑን?»

«ድምፁን።»

«ድምፁን ካሳረፍሽው ምኑ ሊቀረኝ ነው?»

«አላለቀስንለትም እኮ። እርማችንን አላወጣንም።»

«ለሚናገር ሰው ይለቀሳል እንዴ?» አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንዳይሰማ። «እኔ ስንቱን ሳስለቅስ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው አላየሁም። ሟርት ነው። ይኸው ስሜን ይጠራል፣ በልተሻል ይለኛል። በሕይወት ያለ ልጅ ስንቱ ነው እናቱን በልተሻል የሚላት?»

«እማማ፣ አይተነፍስም።»

«ድሮስ መቼ ይተነፍስ ነበር!»

ሳያስቡት ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሚያነሳ ጠፋቸው። እማማ ሜሮን ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ብቻሽን እዚያ አትቆሚም። ግን እንቢ ልል ነው የምሄደው፤ እወቂው።»

ድምፅ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ከከተማው ሁሉ ቀዝቃዛው ክፍል እሱ ሳይሆን አይቀርም። ያስተናገደቻቸው ልጅ ትሑት ነበረች። ወንበር ሳበችላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠችለት፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«አቦ ሶሊ» አለ ድምፁ። «ድምፅሽ ደክሟል። ልታሳርፊኝ ነው አሉ፤ አስቀድመሽ አንቺ እረፊ እንጂ።»

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች ሶሊያና። እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ያዘች። «ትስማማለህ?»

«አልስማማም። ገና ያላልኩት አለ። ደግሞ እማዬን ማን በልተሻል ይላታል? አንቺ የከርሰ ምድር ውሃሽን ትቆጥሪ ይሆናል፤ እሷ ብቻዋን ናት።»

መልሱ ትክክል ነበር። ሶሊያና የሚያሳዝናት እሱ ነበር፤ መልሱ ሁልጊዜ ትክክል ነው።

«ሚስቱ አዎ ብላለች፤ እሱ አልስማማም ብሏል» አለች ልጅቷ በለስላሳ ድምፅ። «እማማ፣ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

እማማ ሜሮን ብርጭቆውን አዩ። ውሃው ላይ ምንም አይንቀሳቀስም።

«ኢዮሴ» አሉ።

«ወዬ እማዬ።»

«መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ለራስህ አንድ ሙሾ አውጣልኝ።»

ሶሊያና ዞር ብላ አማቷን አየች። እማማ ሜሮን ግን ወደ ድምፅ ማውጫው ትንሽ አጎንብሰው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ይጠብቃሉ። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መዳፉ ክፍት ነው፤ አፍ የመታው እጅ። እንቢ እንዲላቸው፣ እንዲቆጣቸው፣ «እማዬ ምን ሆንሽ?» እንዲላቸው እንደሚፈልጉ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ድምፁ አልዘገየም።

«ደቻቱ ደረቀ በክረምቱ መሃል፣
ኢዮስያስ ሄዷል ማን ስንኝ ያወጣል።
እናቴ አታልቅሺ ድምፄ ከቤት አለ፣
ሞት ሥጋን ነው እንጂ ቃልን መቼ ቻለ።»

አራቱም መሥመር ባንድ ትንፋሽ ወጣ፤ ማለት ያለ ትንፋሽ። አስተናጋጇ ልጅ ዓይኗን ጠረገች።

«ጎበዝ» አሉ እማማ ሜሮን። «ቤቱ ይመታል። ምንም አልጎደለውም።»

«ሌላ ልጨምርልሽ? ብዙ አለኝ።»

«አይ፣ ይበቃል።» ወደ ሶሊያና ዞሩ። ፊታቸው የተለመደው ፊት አልነበረም። «የኔ ልጅ ሚኪ ሲሞት አፉን ይዞ ነው የዋለው» አሏት፤ ልክ እሷ እንደማታውቅ፣ ልክ አሁን ሊያረዷት እንደመጡ። «ሰምተሻል? አፉን ይዞ ነው የዋለው። የኔ ልጅ ሞቷል።»

ቃሉን ሲያወጡት አስተናጋጇ ደነገጠች። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ቀጠለ ሰው ያ ቃል ተብሎ አያውቅም ነበር።

እማማ ሜሮን ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የስምምነት መስታወት ሰደዱ። ከመንካታቸው በፊት ግን ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱ፤ ዘመናት የዘጉት ጉሮሮ ተከፈተ።

«መሮጥ የማይችለው ትንፋሽ ያጠረው ልጅ፣
ማን ነው ያስሮጠብኝ ና እረፍልኝ እንጅ።»

«እማማ፣ ይቅርታ፣ እዚህ አይለቀስም...» አለች ልጅቷ፤ ግን እጇ ጣልቃ አልገባም።

«እማዬ፣ አታልቅሺ፣ አለሁ» ይላል ድምፁ። «አለሁ እኮ። እማዬ፣ በልተሻል?»

«በልቻለሁ ልጄ» አሉና መስታወቱን ነኩ።

ሲመለሱ ባጃጁ ዝም ብሎ ነበር። ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ ድምፅ ማውጫውን መታ መታ አደረገው። ሳቢያንን አለፈ፤ ተሳፋሪዎች ጮሁበት፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እያፈረ፣ በገዛ ድምፁ «ወራጅ አለ?» አለ።

ጋሽ ናቲ ድንኳኑን ከመጋዘን አስወጡት። አይጥ በልቶታል፤ ካስማዎቹ ተዛንቀዋል። ወጣቶቹ እንዴት እንደሚተከል አያውቁም፤ አንዱ ሲያቆመው ሌላው ይጥለዋል። «አይ ይሄ ትውልድ፣ ገመዱን ከዚያ በኩል ነው የምትጎትተው አንተ!» እያሉ ሽማግሌው በምርኩዛቸው አዘዙ። ባይስተካከልም ቆመ። ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የሠፈሩ አሮጊቶች፣ ከዚያ የከዚራዎቹ፣ ያን ምሽት የዘለሉት። እነዚህ ምን እንደሚባል ስላልተማሩ በር ላይ ይቆማሉ። ከባጃጇ ልጃገረዶች አንዷም መጥታለች፤ ሶሊያናን አይታ ቀረበች፣ አፏን ከፈተች፣ «እንኳን» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ እጇን ያዘቻት። ያ በቂ ነበር።

እማማ ሜሮን ከመሃል ቆሙ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ቀጠለ ቢሉኝም አልቀጠለም ልጄ፣
ዛሬ አለቀስኩት...»

ሳግ ያዛቸው። ድንኳኑ ፀጥ አለ። ወጣቶቹ ሳያስቡት፣ እንደ ልማዳቸው፣ አብረው ትንፋሻቸውን ያዙ። ማንም አላጨበጨበም። ማንም ቀሪውን አልሞላላቸውም። ሶሊያና ይህችን ዝምታ አወቀቻት፤ ባሏ ከዚህ እንደወሰዳት ሰምታ ነበር እንጂ አይታት አታውቅም። አሮጊቷ በጣም ቆዩ። ከዚያ ደረታቸው ተነሳ፤ አየሩ ሲገባ ለሁሉም ተሰማ።

«...ለቀቅኩት ከእጄ።»

ሶሊያናም ከዚያ ከከዚራ ምሽት ጀምሮ ይዛው የኖረችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ሲወጣ ድምፅ ነበረው።